ከሕግ ጋር ከተጋጩ ልጆች ጋር ለመሥራት የትኛው ሁለተኛ ዲግሪ ይሻላል? ከጎጃም ለሚነሡ አመልካቾች የንጽጽር መመሪያ

በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው በወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ መሥራት የሚፈልጉ ተመራቂዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት «ፎረንሲክ ሳይኮሎጂ (ሥነ ልቦናን ለፍርድ ቤትና ለሕግ ጉዳዮች የሚያውለው ዘርፍ) የት ይሰጣል?» ብለው ነው። ስሙ ስለሚስብ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም ዳንግላ ላይ ሥራ ለሚፈልግ ሰው በዲግሪው ላይ «ፎረንሲክ» የሚል ቃል መኖሩ የሚለውጠው ነገር ጥቂት ነው። የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያ በአብዛኛው የሚለው «ሳይኮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ ወይም ተመሳሳይ» ነው። ልዩነት የሚያመጣው ሌላ ነው፤ በልጁ ጉዳይ ውስጥ የትኛውን ሥራ ለመሥራት እንደምትፈልጉና ለዚያ ሥራ አንድ የበሰለ ባለሙያ እያያችሁ ስንት ሰዓት እንደተለማመዳችሁ። ስለዚህ ንጽጽሩን ከዲግሪዎቹ ስም ሳይሆን ከሥራው እንጀምራለን።

ሕጉ ባለሙያ የሚጠራው የት ላይ ነው?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጆችን በዕድሜ ለይቶ ያያቸዋል። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም (አንቀጽ 52)። ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ ጥፋተኛ ጋርም አይታሠርም (አንቀጽ 53)። 15 አልፎት 18 ያልሞላው በመደበኛው ድንጋጌ ይዳኛል፤ ሆኖም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ የሞት ፍርድም አይፈረድበትም (አንቀጽ 56)። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 በማረሚያ ያሉ ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ያዛል።

ለሥነ ልቦና ባለሙያ በር የሚከፍቱት ግን በተለይ ሁለት የወንጀል ሕጉ አንቀጾች ናቸው። አንቀጽ 54 ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ መረጃ እንዲያስቀርብ፣ ወላጆቹንና የትምህርት ቤቱን ሰዎች እንዲጠይቅ፣ የሕክምናና የማኅበራዊ ሁኔታ ሪፖርት እንዲያይ፣ ካስፈለገም ልጁ በተቋም ውስጥ ሆኖ እንዲጠና እንዲያዝ ይፈቅድለታል። አንቀጽ 51 ደግሞ የተከሳሹ የአእምሮ ኃላፊነት ሲያጠራጥር ፍርድ ቤቱ የባለሙያ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። እዚህ ላይ ማንም አመልካች ሊያልፈው የማይገባ ቁም ነገር አለ። ዳኛው የሚታሠረው በተረጋገጠው ሳይንሳዊ ግኝት እንጂ ባለሙያው ከግኝቱ በመነሣት በሚሰጠው የሕግ ድምዳሜ አይደለም። «ልጁ ኃላፊነት የለበትም» ብሎ መጻፍ የናንተ ሥራ አይደለም ማለት ነው። ሥራችሁ ልጁ ምን መረዳት፣ ራሱን ምን ያህል መግታት እንደሚችል ማሳየት ነው።

ከ157 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ዳኛው የሚመርጣቸውን እርምጃዎች ይዘረዝራሉ፤ ወደ ሕክምና ተቋም መላክ፣ በክትትል ሥር ማስተማር፣ ተግሣጽ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ማቆየት፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም ማስገባት። እያንዳንዱ እርምጃ የተለየ ባለሙያ ይፈልጋል። ዲግሪውን ከዚህ ዝርዝር ጋር እያስተያያችሁ ምረጡ።

የምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና

ለጎጃም አመልካች በጣም ቅርብ የሆነው ይህ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ፣ በሌሎችም የአካባቢው ተቋማት ሁለተኛ ዲግሪ በሥነ ልቦና ሲባል በአብዛኛው የሚሰሙት ስሞች የምክር አገልግሎት፣ የዕድገት፣ የማኅበራዊና የትምህርት ሥነ ልቦና ናቸው። ከእነዚህ መካከል ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መሥራትን በዋናነት የሚያስተምረው የምክር አገልግሎት ነው። የግለሰብና የቡድን ምክር፣ የቤተሰብ ምክር፣ የሱስ ጉዳይ፣ የሙያ ሥነ ምግባርና የተግባር ልምምድ ይይዛል። በማረሚያ ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያ የሕፃናት ጥበቃ ክፍል፣ በትምህርት ቤትና በመልሶ ማቋቋሚያ ፕሮጀክት ለመሥራት የሚያበቃው ይኸው ነው።

ድክመቱ ለፍርድ ቤት የሚሆን ጽሑፍ ማዘጋጀትን እምብዛም አለማስተማሩ ነው። የምክር ባለሙያ የለመደው ደንበኛውን ማመንና ከጎኑ መቆም ነው፤ ለችሎት ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ግን የልጁን ቃል ከእናቱ፣ ከመምህሩና ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ሰው እጅ ሲወድቁ ነው። ልጁ ለሦስት ሳምንት አምኖ የነገራችሁን ምሥጢር በአራተኛው ሳምንት በችሎት ወረቀት ላይ ቢያገኘው ከዚያ በኋላ ለማንም አማካሪ አፉን አይከፍትም። ስለዚህ ሪፖርቱን የሚጽፈውና ምክሩን የሚሰጠው ሰው መለያየት አለባቸው። ሰው አጥሮ መለያየት ካልተቻለ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን፣ ልጁ በሚገባው ቋንቋ፣ «የምትነግረኝን ዳኛው ሊያነበው ይችላል» ብሎ መንገር ግዴታ ነው። ለዚህ የሚያዘጋጅ ኮርስ ከሌለ በምርጫ ኮርስ ወይም በመመረቂያ ጽሑፍ መሙላት ያስፈልጋል።

የዕድገት ሥነ ልቦና

ብዙዎች «ለመምህርነት ነው» ብለው ያልፉታል። በእኛ ፍርድ ግን በጎጃም ገጠር በዚህ ሥራ ላይ ካሉት ሁሉ ያለ አግባብ የተናቀው ዘርፍ ይህ ነው። ምክንያቱም በወረዳ ፍርድ ቤት የልጅ መዝገብ ላይ የመጀመሪያው ሙግት ብዙ ጊዜ ዕድሜ ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ላይኖረው ይችላል። በ15 ዓመት ዙሪያ የአንድ ወር ልዩነት ደግሞ ልጁ በየትኛው አንቀጽ እንደሚዳኝ ይወስናል። እንግዲህ ማስረጃው እንዲህ ይሰበሰባል። የክርስትና ካርድ ካለ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ስለምትነሣ፣ ከካርዱ ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ልደቱን መገመት ይቻላል። የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የታላቅና የታናሽ ዕድሜ ይመሳከራሉ። እናትን «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ የተጠጋጋ ቁጥር ብቻ ያመጣል፤ ሁሉም 14 ወይም 16 ይሆናል። ይልቅስ ሁነት ይዞ መጠየቅ ይሻላል። የዓባይ ግድብ መሠረት የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ አቶ መለስ ዜናዊ ያረፉት ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ላይ ነው። «ግድቡ ሲጀመር አርግዘሽው ነበር ወይስ ታቅፈሽው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አንድን ልጅ በ2018 ዓ.ም. መጋቢት ላይ 15 ሞልቶታል ወይም አልሞላውም ለማለት ያስችላል። ቀጥሎም በየትኛው ጾም፣ በየትኛው በዓል ዙሪያ እንደተወለደ ይጠየቃል።

ሐኪም ቤት የሚላከው የእጅ አጥንት ራጅ ግምት ነው። እስከ ሁለት ዓመት ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል፤ በልጅነቱ ምግብ ያጣ ልጅ አጥንቱ ከዕድሜው ኋላ ሊቀር ይችላል። ዕድሜን መወሰን የዳኛው ሥልጣን ነው፤ ከራጁና ከቤተሰቡ ቃል የትኛው የበለጠ እንደሚታመን፣ ለምንስ እንደሆነ ማብራራት ግን በዕድገት ሥነ ልቦና የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው። የማመዛዘን ችሎታ ከስሜት መግታት ቀድሞ እንደሚበስል፣ ልጅ ብቻውን ሲሆንና በጓደኞቹ መካከል ሲሆን የሚወስነው ውሳኔ ለምን እንደሚለያይ የሚያስተምረውም ይኸው ዘርፍ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ከጉርምስና ጋር ጥፋቱን እንደሚተዉ፣ ጥቂቶች ግን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እስከ ጉልምስና እንደሚቀጥሉበት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴሪ ሞፊት በ1993 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ምደባ ልታውቁት የሚገባ መነሻ ነው።

የዘርፉ ጉድለት የሕክምና ወይም የምክር ልምምድ አነስተኛ መሆኑ ነው። በዚህ ዲግሪ ብቻ ልጅን «አክማለሁ» ማለት አይቻልም።

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ለፖሊሲ፣ ለምርምርና ለማስተማር ይረዳል። ከልጁ ጋር ፊት ለፊት ለመቀመጥ ለሚሻ ግን ቀዳሚ ምርጫ አይሆንም።

ክሊኒካል ሳይኮሎጂና የአእምሮ ጤና

አንቀጽ 51 የሚጠይቀውን ምርመራ መሥራት የሚፈልግ ሰው ከሐኪም ቤት መራቅ አይችልም። ይህን መንገድ የሚመርጥ የጎጃም ልጅ ከቤቱ ርቆ ለመማር መዘጋጀት አለበት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ በተቀናጀ ክሊኒካልና ማኅበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል፤ አዲስ አበባም ክሊኒካል ሥልጠናው ከሥነ አእምሮ ሕክምና ጋር ተሳስሮ ይገኛል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚደረግ የአእምሮ ምርመራ በስፋት የሚታወቀው በአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በመሆኑ፣ ተግባሩን በቅርብ ለማየት የሚፈልግ ተማሪ ልምምዱ እዚያ እንዲሆን ቢጥር ያተርፋል። የጤና ፋኩልቲ ያወጣው ማስታወቂያ የሳይኮሎጂ ምሩቅን ይቀበል እንደሆነ ከማመልከታችሁ በፊት በጥንቃቄ አንብቡ፤ አንዳንዱ የጤና ሙያ ዲግሪን ብቻ ይጠራል።

ከዚህ መንገድ የሚገኘው ትልቁ ነገር መለኪያን በአግባቡ መጠቀም ነው። 25 ጥያቄ ያለው የልጆች ጥንካሬና ችግር መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ከ20 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞላል፤ ግን መለያ እንጂ ምርመራ አይደለም። ማይሲ የተባለው 52 የአዎ ወይም አይደለም ጥያቄ ያለው መለኪያ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ማቆያ ሲገቡ ራስን የማጥፋት ሐሳብና የስሜት መጎዳትን ቶሎ ለመለየት ተሠራ። ሳቭሪ የተባለው፣ አንድ ወጣት ወደፊት ዓመፅ የመፈጸም ሥጋቱን የሚመዝነው መለኪያ፣ 24 የሥጋት ነጥቦችና 6 መከላከያ ነጥቦች አሉት። እነዚህ ያለ ፈቃድና ያለ ሥልጠና ፎቶ ኮፒ ተደርገው የሚሞሉ አይደሉም።

በተግባር ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በሌላ አገር ልጆች ላይ የተለካን የማሰብ ችሎታ ፈተና እንዳለ መገልበጥ ነው። ከሞጣ ቆላ የመጣ፣ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ብቻ የገባ እረኛ ልጅ ባለ ቀለም ኩቦችን እንደ ሥዕሉ በደቂቃ ውስጥ ማስተካከል ቢያቅተው ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ይኸው ልጅ ግን 30 ከብት በመልክ ለይቶ ያውቃል፤ የጠፋችውን ጊደር በዱካዋ ተከትሎ ያገኛል፤ ገበያ ላይ መልስ ይቆጥራል። ሪፖርቱ ቁጥሩን ብቻ ከያዘ ዳኛውን ያሳስታል። ከፈተናው ጎን የዕለት ተዕለት ችሎታውን የሚያውቁ ሰዎች ቃል መቅረብ አለበት። ይህን የማያስተምር ክሊኒካል ፕሮግራም፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢከብድ፣ ለዚህ አገር ልጅ ግማሽ ሥልጠና ነው።

ሶሻል ወርክ

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን እንደ ተፎካካሪ ያዩታል፤ ለዚህ ሥራ ግን አማራጭ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ፕሮግራሙን በ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ትምህርቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተዛምቷል። የሥነ ልቦና ምሩቅን ይቀበላል፤ የመስክ ልምምዱም ከአብዛኞቹ የሥነ ልቦና ፕሮግራሞች ይረዝማል።

ጥቅሙ የሚታየው ልጁ ሲለቀቅ ነው። በድብድብ በእጁ የሰው ሕይወት የጠፋበት ልጅ የማረሚያ ጊዜውን ጨርሶ ወደ ቀበሌው ሊመለስ ነው እንበል። የምክር ባለሙያው ልጁ ቁጣውን መግታት መቻሉን ያያል። የሶሻል ወርክ ባለሙያው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው። እርቅ ወርዷል ወይ? ሽማግሌ ተቀምጧል? ካሣው ተከፍሎ አልቋል ወይስ ቀሪ አለ? የሟች ወገን ደም መላሽ ይኖር ይሆን? የቤተሰቡ የንስሐ አባት ምን ይላሉ? እነዚህ ሳይመለሱ የተላከ ልጅ ወይ አደጋ ላይ ይወድቃል፣ ወይ በወሩ ወደ ባሕር ዳር ጎዳና ወይም ወደ መተማ የሰሊጥ እርሻ ይሰደዳል። ሽምግልናው ራሱ ልጁን ሳያዳምጥ በአባቶች መካከል ብቻ ሊያልቅ እንደሚችልም መርሳት አይገባም።

የሶሻል ወርክ ጉድለት የመለኪያና የሕክምና ሥልጠናው ቀለል ማለቱ ነው። ልጁ ከባድ የስሜት ጉዳት ካለው ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ አለበት።

ሕግና ፒኤችዲ

በሕግ እንደገና ዲግሪ መያዝ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ ወይም ዳኛ ለመሆን ላሰበ ብቻ ያዋጣል። ለሌላው የወንጀል ሕጉንና የሥነ ሥርዓቱን የወጣት ጥፋተኞች ክፍል አጥብቆ ማንበብ፣ ከተቻለም ከሕግ ትምህርት ቤቱ አንድ ኮርስ መከታተል ይበቃል። ፒኤችዲ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መምህርና ተመራማሪ ለመሆን ነው፤ ከልጆች ጋር ለመሥራት ብላችሁ ከሆነ ከሁለተኛ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ ጥቂት ዓመት በሥራ ላይ ብትቆዩ ይሻላል።

ውጭ አገር መማር

በእንግሊዝ የፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ማስተርስ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። በብሪታንያ የሥነ ልቦና ማኅበር ዕውቅና ያለው ኮርስ የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ከማኅበሩ መመዘኛ ጋር እንዲመጣጠን ሊጠይቅ ይችላል። ማስተርሱ ብቻውንም «ፎረንሲክ ሳይኮሎጂስት» አያሰኝም፤ በባለሙያ ክትትል ሥር ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ መመዝገብ ይቀራል። የብሪታንያ መንግሥት የሚሰጠው የቺቭኒንግ ስኮላርሺፕ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድና ከትምህርት በኋላ ሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስን ይጠይቃል። በአሜሪካ መንገዱ በአብዛኛው ክሊኒካል ፒኤችዲ ነው፤ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይወስዳል። ሕንድ ጋንዲናጋር ያለው ብሔራዊ የፎረንሲክ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲም በፎረንሲክ ሳይኮሎጂ ማስተርስ ይሰጣል፤ ዋጋውና የቪዛው ነገር ከምዕራቡ ይቀላል።

ስትመለሱ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ማግኘት አለበት። ያለዚያ የመንግሥት ቅጥር ይቆማል። ውጭ የምትማሩት የሥጋት መለኪያና የቃለ መጠይቅ ዘዴ ጠንካራ ነው፤ ለደምበጫ ልጅ እንዲሆን አድርጎ ማስተካከሉ ግን የራሳችሁ ሥራ ሆኖ ይቀራል።

ልምምዱን በሰዓት ቁጠሩት

ሁለት ፕሮግራም ሲያነጻጽሩ የኮርስ ዝርዝር ከማየት ይልቅ የልምምድ ሰዓት መቁጠር ይበልጣል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለ16 ሳምንት፣ በቀን 6 ሰዓት ቢሆን 96 ሰዓት ይመጣል። የአንድን ልጅ ጉዳይ በደንብ ለማጥናት ከልጁ ጋር ሁለት ጊዜ፣ ከወላጅ ጋር አንድ ጊዜ መቀመጥ፣ ትምህርት ቤቱን መጎብኘት፣ መዝገብ ማንበብና መጻፍ ሲደመር 12 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ በ96 ሰዓት የሚታዩት 8 ልጆች ናቸው። ይህ ለጅምር ጥሩ ነው። ልምምዱ ሁለት ሳምንት ብቻ ከሆነ፣ ወይም ሱፐርቫይዘሩ በሴሚስተር አንዴ መጥቶ ፈርሞ የሚሄድ ከሆነ፣ ሌላ ፕሮግራም ፈልጉ። ለትምህርት ክፍሉ «ያለፈው ዓመት ተማሪዎች የት ተለማመዱ? ማን አያቸው? የጻፉትን ሪፖርት ማን አረመላቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በልምምዱ ውስጥ በተለይ ሁለት ክህሎት እንዲታይላችሁ አሳስቡ። አንደኛው ጥያቄ ማቅረብ ነው። ጎጃም ውስጥ በወግ ያደገ ልጅ ከትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት እያየ ነው የሚያወራው፤ አክብሮት እንጂ የጥፋተኝነት ምልክት አይደለም። «በጓን የወሰድካት አንተ ነህ፣ አይደል?» ቢሉት «አዎ ጋሼ» ሊል ይችላል፤ ጋሼን መቃወም ነውር ነውና። «ያን ቀን ከብቱን ካወጣህበት ሰዓት ጀምሮ የሆነውን ንገረኝ» ብሎ ዝም ማለት፣ ሲያቆምም «ከዚያስ?» ማለት ነው የሚበጀው። በአዊ አካባቢ ደግሞ ልጁ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደው ሊሆን ስለሚችል በአውኚ ቢናገር የሚቀለው እንደሆነ አስቀድሞ ይጠየቃል፤ አስተርጓሚው ከልጁ ቤተሰብ ወይም ከከሳሽ ወገን መሆን የለበትም።

ሁለተኛው አጻጻፍ ነው። «ልጁ ተንኮለኛና የሌብነት ጠባይ ያለው ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ለዳኛው ምንም አይነግረውም። «ልጁ 5ኛ ክፍልን ያቋረጠው በጥቅምት ነው፤ በጓን የወሰዳት በጥር፣ ከአጎቱ ቤት በተባረረ በአራተኛው ቀን ነው፤ ከዚህ በፊት ክስ የለበትም፤ በሁለቱም ቃለ መጠይቅ የሰጠው ቃል አንድ ነው» የሚለው ግን ለውሳኔ ይጠቅመዋል።

ማመልከቻ፣ ክፍያና የመመረቂያ ጽሑፍ

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በተለምዶ ጋት የሚባለው፣ ይጠየቃል። ፈተናው የቋንቋና የማሰላሰል ችሎታ ስለሚለካ የሥነ ልቦና መጽሐፍ ብቻ ይዞ መግባት አያዋጣም። ብዙ አመልካች የሚሰናከለው ግን በኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ነው። የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይጠናቀቅ ዋናው ማስረጃ ስለማይለቀቅ ጉዳዩን ከምዝገባው ወራት በፊት ጀምሩት። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀጠረ የስፖንሰር ደብዳቤ ሲያጽፍ ከትምህርት በኋላ ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለበት ውሉን ያንብብ።

መደበኛው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ አንደኛው ለኮርስ፣ ሁለተኛው ለጽሑፍ። የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ለሠራተኛ ይመቻል፤ ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስና ማረሚያ ቤት ጽሕፈት ቤት የሚሠሩት ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለሆነ ልምምዱ የሚጎዳው በዚህ ነው። ከአለቃችሁ በሳምንት አንድ የሥራ ቀን ካላገኛችሁ መደበኛውን ምረጡ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለወደፊት ሥራችሁ ከዲግሪው ስም የበለጠ ይናገራል። የተለመደው ስሕተት «200 ወጣት ጥፋተኞችን በመጠይቅ አጠናለሁ» ብሎ መነሣት ነው። በአንድ የዞን ማረሚያ ቤት በአንድ ጊዜ የሚገኙት ከ18 ዓመት በታች ያሉት ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተማሪው በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ቁጥሩ አልሞላ ብሎት ርእስ ይቀይራል። ከ8 እስከ 12 ልጆችን በጥልቀት መጠየቅ ወይም የተዘጉ የአምስት ዓመት መዝገቦችን ማጥናት ሊፈጸም የሚችል ነው። ፈቃዱ ደግሞ ብዙ እጅ ያልፋል፤ የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ የማረሚያ ቤቱ የበላይ አካል፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ፣ የልጁ የራሱ እሺታ። ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ብቻ የተጻፈ ደብዳቤ በር ላይ ይመለሳል። ከአንደኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ጀምራችሁ ደብዳቤውን አንቀሳቅሱ።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በቆየው ግጭት ምክንያት መንገድ ሊዘጋ፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሥራ ሊያቋርጥ ይችላል። መረጃችሁ በአንድ ሩቅ ወረዳ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ እንዳይሆን፣ በባሕር ዳር ወይም በደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ተለዋጭ ቦታ በሐሳብ ወረቀቱ ላይ ከመጀመሪያው አስገቡ። በግጭቱ የተያዙ ወይም የተጎዱ ልጆችን የሚመለከት ጥናት ደግሞ ለጠያቂውም ለተጠያቂውም አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል ከአማካሪያችሁ ጋር ሳትመክሩ አትጀምሩት።

ማን የትኛውን ቢመርጥ ይበጃል?

ከጎጃም ሳይርቅ በማረሚያ ቤት ወይም በፖሊስ የሕፃናት ክፍል ልጆችን ማማከር ለሚሻ የምክር አገልግሎት ሥነ ልቦና፣ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር፣ በቂ ነው። ልጁን ወደ ቤቱ መመለስ፣ ቤተሰብና ቀበሌ ማግባባት የሚስበው ሶሻል ወርክን ይያዝ። የችሎት ባለሙያ ምስክር መሆን የሚፈልግና ከሐኪም ቤት ጋር ለዓመታት መቆየት የሚችል ክሊኒካሉን ይምረጥ። የዕድገት ሥነ ልቦና ያጠና ሰው ደግሞ ለሕፃናት ምቹ በሆኑ ችሎቶች፣ በተለይ ሕፃን ምስክር በተለየ ክፍል ሆኖ ቃሉን ሲሰጥ ጥያቄውን ወደ ልጁ ቋንቋ በሚያቀልለው አገናኝ ቦታ ላይ ጥሩ ይሠራል። ውጭ አገር መማር አስቀድሞ ሁለት ሦስት ዓመት እዚህ ለሠራ ሰው ነው የሚጠቅመው፤ ምን ሊማር እንደሚሄድ ያውቃልና።

ሳትወስኑ ሥራውን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ችሎት ደጃፍ አትቁሙ፤ የወጣት ጥፋተኞች ጉዳይ በዝግ ነው የሚታየው። ከዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ዞኑ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ለአንድ ወር በሳምንት ሁለት ቀን በነፃ ለማገልገል ጠይቁ። የሚሰጣችሁ ሥራ መዝገብ ማስተካከል ቢሆን እንኳ ተቀበሉት። ከአሥር የልጆች መዝገብ ውስጥ በስንቱ ላይ የባለሙያ ሪፖርት እንደተያያዘ፣ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ምን እንደተማረና ዳኛው በውሳኔው ላይ ከሪፖርቱ ምኑን እንደጠቀሰ ጻፉ። ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቱ «ለምን ይህን ዘርፍ መረጥክ? ለምን መረጥሽ?» ሲባል የሚቀርበው መልስ ከዚያ ማስታወሻ ይወጣል።